ማንም ቆሞ ያላየውን ዘመን ሳይንስ እንዴት ይመረምራል? ዝግመተ ለውጥን ስለማስተማር የቀረበ ጥያቄ

ጠያቂ፦ የሥነ ሕይወት መምህርት

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት አስተምራለሁ። ዝግመተ ለውጥ ላይ በደረስን ቁጥር ከክፍሉ የማይጠፋ ጥያቄ አለ፤ ዘንድሮ ግን አንዲት ተማሪ ከቀድሞዎቹ ሁሉ ጥርት አድርጋ አቀረበችው፦ «መምህር፣ ኬሚስትሪ ላይ አሲድና ቤዝ ቀላቅለን የሚሆነውን በዓይናችን እናያለን፤ ከተጠራጠርን ደግመን እንሠራዋለን። ከ300 ሚሊዮን ዓመት በፊት የሆነውን ግን ማንም ቆሞ አላየውም፣ ማንም ሊደግመውም አይችልም። ታዲያ ይህ ከትረካ በምን ተለይቶ ነው ሳይንስ የሚባለው?»

ጥያቄዋን ወድጄዋለሁ፤ ስለዚህም ለይስሙላ ያህል መልሼላት ማለፍ አልፈለግሁም። የመማሪያ መጽሐፉ ማስረጃዎቹን በተርታ ያስቀምጣል፦ ቅሪተ አካል፣ የአካል አወቃቀር ንጽጽር፣ የፅንስ ዕድገት፣ ዲኤንኤ። ተማሪዎቼም በቃላቸው ይወጡታል፣ ፈተና ላይም አሳምረው ይጽፉታል። ነገር ግን «ይህ ሐሳብ ስሕተት ቢሆን ኖሮ በምን እናውቅ ነበር?» ብዬ ስጠይቃቸው የሚመልስ አላገኝም። ይህ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ዝግመተ ለውጥን በቃሉ ብቻ የያዘ ተማሪ ሌላውንም ነገር ሁሉ በዚያው መንገድ፣ ማለትም ማን እንደነገረው ብቻ አይቶ፣ ይቀበላል ወይም ይጥላል።

ተማሪዎች ራሳቸው ቁጥር ይዘው ሊመረምሩት የሚችሉት፣ ሁለት ተፎካካሪ ሐሳቦች ፊት ለፊት የሚጋጠሙበት ምሳሌ ያላችሁ ብትነግሩኝ፣ ያለፈ ዘመንን የሚመለከት አባባል እንዴት እንደሚፈተንም ብታስረዱኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው። ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ በሃይማኖታቸው የጸኑ መሆናቸውንም ልጨምር፤ ይህ ምዕራፍ ሲመጣ አንዳንዶቹ ሲጨነቁ አያለሁ። እምነታቸውን ሳላቃልል፣ ሳይንሱንም ሳልሸራርፍ ማስተማር እፈልጋለሁ።

መልስ 1፦ ኮሎኒ ቆጣሪ

ክብርት መምህርት፣ ስለ ሩቁ ዘመን የሚመልስ ሌላ ሰው እንደማይጠፋ ስለማስብ እኔ በዓይን በሚታየውና በሚደገመው በኩል ልግባ። ሥራዬ ከባክቴሪያ ጋር ነው፤ ለሚፈልጉት ዓላማም ከአንድ የ1943 (እ.ኤ.አ.) ሙከራ የተሻለ ነገር አላውቅም።

ለክፍልዎ ይህን ያቅርቡ። ባክቴሪያን የሚገድል ቫይረስ በብዙ ሚሊዮን ባክቴሪያዎች ላይ ሲለቀቅ ሁሉም ለማለት ይቻላል ያልቃሉ፤ እጅግ ጥቂቶች ግን ይተርፋሉ፣ ከእነርሱ የሚራቡትም ሁሉ ቫይረሱን ይቋቋማሉ። ይህ የመቋቋም ችሎታ ከየት መጣ? አብዛኛው ተማሪ፣ አዋቂም ጭምር፣ «ቫይረሱን ሲያገኙት ለመዱት» ይላል። ሌላው መልስ ችሎታው ቫይረሱ ከመምጣቱ በፊት፣ ባክቴሪያዎቹ ሲከፋፈሉ በሚፈጠር ድንገተኛ የዘረመል ለውጥ ማለትም በሚውቴሽን ተገኝቷል፣ ቫይረሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ለውጡ የሌላቸውን ማስወገድ ብቻ ነው የሚል ነው። ሁለቱም መልሶች የተረፉ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን እኩል ያስረዳሉ፤ ስለዚህ የተረፉትን ደጋግሞ ማየት ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። ሳልቫዶር ሉሪያና ማክስ ዴልብሩክ ያደረጉት ሁለቱ ሐሳቦች የሚለያዩበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነበር።

በየቱቦው ጥቂት ባክቴሪያ ብቻ አድርገው ብዙ ትንንሽ ቱቦዎችን ለየብቻ አሳደጉ፤ ከዚያም የየቱቦውን ይዘት ቫይረስ ባለበት ፔትሪ ዲሽ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ጠፍጣፋ ሳህን) ላይ አፍስሰው ያደጉትን ኮሎኒዎች፣ ማለትም እያንዳንዳቸው ከአንድ ባክቴሪያ የተራቡ ክምችቶችን፣ ቆጠሩ። የመቋቋም ችሎታው የሚገኘው ከቫይረሱ ጋር በመገናኘት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ባክቴሪያ እኩል የሆነ ትንሽ ዕድል ስላለው፣ ከዲሽ ወደ ዲሽ የሚቆጠረው መቀራረብ አለበት። ችሎታው አስቀድሞ በአጋጣሚ የሚፈጠር ከሆነ ግን ለውጡ በአንዱ ቱቦ ውስጥ ገና ከጅምሩ ተከሥቶ ባለቤቱ ብዙ ዘር ሊያፈራ፣ በሌላው ቱቦ መጨረሻ ላይ ሊከሠት፣ በሌላው ደግሞ ጭራሽ ላይከሠት ስለሚችል ቁጥሮቹ እጅግ መራራቅ አለባቸው። ከአንዱ ሙከራቸው የ20 ቱቦዎች ውጤት ይኸውልዎት፦ 1፣ 0፣ 3፣ 0፣ 0፣ 5፣ 0፣ 5፣ 0፣ 6፣ 107፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 64፣ 0፣ 35። አማካዩ 11 ገደማ ነው፤ ከ20ዎቹ ግን 11ዱ ባዶ ሲሆኑ አንዱ ብቻውን 107 አስቆጥሯል።

ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ «ቁጥሩ የተራራቀው አቀዳዳቸው ወይም አቆጣጠራቸው ወጥ ስላልነበረ ቢሆንስ?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ካልጠየቀም እርስዎ ይጠይቁለት። ሁለቱ ሰዎች ይህን አስቀድመው አስበውበት ነበር። በአንድ ዕቃ ውስጥ አብሮ ካደገ ባክቴሪያ 10 ናሙና ቀድተው በዚያው አሠራር ሲቆጥሩ ያገኙት 14፣ 15፣ 13፣ 21፣ 15፣ 14፣ 26፣ 16፣ 20 እና 13 ነበር። አቀዳዱም አቆጣጠሩም ያው ሆኖ ሳለ መራራቁ ጠፋ፤ ስለዚህ መራራቁ የመጣው ከየቱቦው የእድገት ታሪክ ነው። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ጆሹዋና አስቴር ሌደርበርግ የአንዱን ዲሽ ኮሎኒዎች በከፋይ ጨርቅ እንደ ማኅተም አንሥተው በሌሎች ዲሾች ላይ በማተም፣ ቫይረሱን የሚቋቋሙት በየዲሹ በተመሳሳይ ቦታ ላይ እንደሚገኙ አሳዩ፤ ይህም ተቋቋሚዎቹ ቫይረስ ባልነካው በመጀመሪያው ዲሽ ላይ አስቀድመው እንደነበሩ የሚመሰክር ነው።

ልመናዬ አንድ ብቻ ነው። መደምደሚያውን አስቀድመው አይንገሯቸው። ክፍሉን ለሁለት ከፍለው አንዱ ወገን የ«ለመዱት»ን፣ ሌላው የ«አስቀድሞ ነበረ»ን ሐሳብ ይዞ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚጠብቅ በጽሑፍ ያስፍር፤ የእውነቱን ቁጥር ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ላይ ይጻፉ። አስቀድሞ የጻፈ ተማሪ ውጤቱን ካየ በኋላ ሐሳቡን ማጠማዘዝ አይችልም፤ ሳይንሳዊ አስተሳሰብ የሚባለውም በአብዛኛው ይህ ይመስለኛል።

መልስ 2፦ የደለል ንብርብር

መምህርት፣ እኔ የጂኦሎጂ ሰው ነኝ፤ የተማሪዎ ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው ሙያዬን ነው። ያለፈ ክስተት አይደገምም ማለቷ እውነት ነው። ሊደገም የሚገባው ግን ምልከታው ነው፤ ያንኑ ዓለት ሌላ ሰው ሄዶ መመርመር፣ ያንኑ አጥንት ሌላ ባለሙያ መለካት መቻል አለበት። ከዚህም በላይ፣ ስለ ያለፈው ዘመን የተነገረ ሐሳብ ገና ስላልተገኘ ነገር አስቀድሞ ሊናገር ይችላል፤ ክስተቱ ያለፈ ቢሆንም ፈተናው የሚመጣው ወደፊት ነው።

ለዚህ የምወደው ምሳሌ ቲክታሊክ የተባለው ጥንታዊ ፍጥረት ቅሪተ አካል የተፈለገበት ታሪክ ነው። 385 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባላቸው ዓለቶች ውስጥ ክንፋቸው ጠንካራ አጥንት ያለው ዓሣዎች፣ 365 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባላቸው ውስጥ ደግሞ ጣትና እግር ያላቸው እንስሳት ይታወቁ ነበር። ባለ አራት እግር እንስሳት ከዓሣ የመጡ ከሆነ፣ የሁለቱን ጠባይ ያጣመረ ፍጥረት በመካከሉ ባለው ዘመን ሊኖር ይገባል። ኒል ሹቢን፣ ቴድ ዴሽለርና ባልደረቦቻቸው ይህን ይዘው ሦስት ነገር የሚያሟላ ቦታ በጂኦሎጂ ካርታ ላይ ፈለጉ፦ ዕድሜው ተስማሚ የሆነ፣ በጥንት ወንዞች ደለል የተሠራ፣ አፈርና ዕፅዋት ያልሸፈነው ዓለት። ካርታው የመራቸው ወደ ካናዳ አርክቲክ ነበር። በ1999 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው፣ ባዶ እጃቸውን የተመለሱባቸውን ጉዞዎች ታግሠው፣ በ2004 በኤልስሚር ደሴት ላይ 375 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለውን አገኙት። ቅርፊትና የዓሣ ክንፍ አለው፤ ራሱ ግን ጠፍጣፋ ሆኖ ዓይኖቹ ከላይ ተቀምጠዋል፣ ራሱ ከትከሻው ስለተላቀቀ አንገት አለው፣ በክንፉ ውስጥም የክንድንና የእጅ አንጓን አጥንቶች የሚመስሉ አጥንቶች ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች አስቀድመው የተናገሩትን የሚያፈርስ ነገር ከዓለቱ ሊወጣ ይችል ነበር፤ ወይም ምንም ላይወጣ ይችል ነበር። ከትረካ የሚለየው ይህን አደጋ መሸከሙ ነው።

ቁፋሮ የማይማርካቸው ተማሪዎች ካሉ የክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ዲኤንኤን የሚይዘው ዘንግ መሰል አካል) ጉዳይ አለ። ሰው 46 ክሮሞሶም ሲኖረው ቺምፓንዚ፣ ጎሪላና ኦራንጉታን 48 አላቸው። የጋራ ጥንተ ዘር ካለን፣ አንድ ጥንድ ክሮሞሶም እንዲሁ ሊጠፋ ስለማይችል፣ ሁለት ክሮሞሶሞች በሰው መስመር ላይ ተጋጥመው አንድ ሆነዋል የሚለው ዋናው መላምት ነበር። ይህ እውነት ከሆነ ጠባሳው መታየት አለበት፤ በመደበኛው ሁኔታ የክሮሞሶምን ጫፍ የሚሸፍነው ተደጋጋሚ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በአንድ ክሮሞሶም መሐል ላይ፣ ያውም ሁለት ጫፎች አፍ ለአፍ እንደተገናኙ ሆኖ፣ መገኘት ይኖርበታል፤ ሥራውን ያቆመ ሁለተኛ ሴንትሮሜርም (ሴል ሲከፋፈል ክሮሞሶሙ የሚያዝበት ቦታ) እንዲሁ። ሁለቱም በሰው ክሮሞሶም 2 ላይ ተገኝተዋል፤ የመጋጠሚያው ቦታ ቅደም ተከተል የታተመው በ1991 ነው።

መልስ 3፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ውይይታችሁን በጥሞና ስከታተል ነበር፤ ታላላቆቼ ናችሁና በትሕትና አንድ ጥያቄ ላቅርብ። ስለ ቲክታሊክ ሳነብ፣ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በፖላንድ ዛኼውሚዬ በተባለ የቀድሞ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ የባለ አራት እግር እንስሳት ዱካ ናቸው የተባሉ ምልክቶች መገኘታቸው መታወጁን አየሁ። ዓለቱ ወደ 390 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ እንዳለው ይነገራል፤ ይህም ከቲክታሊክ የሚበልጥ ነው። እግር ያላቸው እንስሳት አስቀድመው ይራመዱ ከነበረ ቲክታሊክ «መካከለኛ» ሊሆን አይችልም። ትንበያው ፈረሰ ማለት አይደለም? ካልፈረሰ ደግሞ፣ የሚስማማ ነገር ሲገኝ «ትክክል ነበርን» ማለት፣ የማይስማማ ሲገኝ ደግሞ ማብራሪያ መፈለግ ሳይንስ ነው? እንዲህ ከሆነ ምንም ነገር ቢገኝ ሐሳቡ መቼም አይወድቅም ማለት ነው።

መልስ 4፦ የአመክንዮ ወዳጅ

ወንድሜ፣ በዚህ ገጽ ላይ እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ያንተ ጥያቄ ከባዱ ነው፤ የሳይንስ ፍልስፍና አስተማሪ እንደመሆኔ ልሞክረው።

መጀመሪያ ከሥነ ሕይወት እንውጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኡራኑስ የኒውተን ሕግ በሚያዘው መንገድ አልጓዝ አለ። የኒውተንን ሕግ የጣለ ሰው ግን አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ኧርባን ለቬሪየ ገና ያልታየ ሌላ ፕላኔት እየሳበው እንደሆነ አስቦ ቦታውን አሰላ፣ በ1846 (እ.ኤ.አ.) መስከረም ወር በርሊን ላይ ቴሌስኮፕ ሲዞር ኔፕቱን ከተባለው ቦታ አንድ ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ተገኘ። ቆየት ብሎ ሜርኩሪም እንዲሁ ከስሌቱ ዝንፍ ሲል ለቬሪየ ያንኑ መንገድ ተከተለ፤ ለፀሐይ የቀረበ ሌላ ፕላኔት አለ አለ፣ ስምም ወጣለት፣ ብዙዎች ፈለጉት፣ አልተገኘም። የሜርኩሪ ችግር የተፈታው በ1915 አይንስታይን የስበትን ንድፈ ሐሳብ ራሱን ሲለውጥ ነው። ሁለቱም ጊዜ ሳይንቲስቶች ማብራሪያ ፈልገዋል፤ ማብራሪያ መፈለግ በራሱ ነውር የለበትም። ልዩነቱ የመጀመሪያው ማብራሪያ ሌላ ሰው ሄዶ ሊመለከተው የሚችል አዲስ ነገር አመላክቶ መገኘቱ፣ ሁለተኛው አመላክቶ አለመገኘቱ ነው። ስለዚህ አንድ የማይስማማ ነገር ሲገኝ መጠየቅ ያለብህ የቀረበው ማብራሪያ ራሱ ለብቻው ሊፈተን ይችላል ወይ የሚለውን ነው።

አሁን ወደ ፖላንድ እንመለስ። ዱካዎቹ በእርግጥ የባለ እግር እንስሳት ከሆኑ ዓሣና ባለ እግር እንስሳ የተለያዩበት ጊዜ ከታሰበው ይቀድማል፤ ቲክታሊክም የቀጥታ አያታችን ሊሆን አይችልም፣ የሽግግሩን ጠባይ ይዞ ለረጅም ዘመን የቆየ የጎን ዘመድ ይሆናል እንጂ። ይህ ከሆነ ከ390 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባላቸው ዓለቶች ውስጥ ያልተገኙ አጥንቶች አሉ ማለት ስለሆነ ፍለጋው ወደዚያ ይሄዳል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ደግሞ ምልክቶቹ ዓሣዎች የተዉአቸው ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ተከራክረዋል፤ ይህም ቢሆን የዓሣን እንቅስቃሴ በማጥናት የሚፈተን ነው። እንግዲህ የጊዜ ሰሌዳው ተናግቷል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ቲክታሊክ የሁለት ወገን ጠባይ በአንድ አካል ላይ ማጣመሩ ግን አልተነካም፣ በሌሎች ብዙ መስመሮች የሚደገፈው የጋራ ጥንተ ዘርም እንዲሁ። የአጥቢ እንስሳ አጽም 500 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ባለው ያልተነካ ንብርብር ውስጥ ቢገኝ፣ በየቦታውም ቢደጋገም፣ ያን ጊዜ ወሬው ሌላ ይሆናል፤ ሐሳቡ መቼም አይወድቅም ያልከው ትክክል የማይሆነው ለዚህ ነው። የሳይንስ ፈላስፋው ካርል ፖፐር ራሱ የተፈጥሮ ምርጦሽ (ለአካባቢው የሚስማማ ጠባይ ያላቸው በብዛት ተርፈው መራባታቸው) በአግባቡ ሊፈተን አይችልም የሚል አቋም ይዞ ቆይቶ በ1970ዎቹ መጨረሻ አቋሙን በግልጽ ለውጧል።

ከዚሁ ጋር ተማሪዎች የፒልትዳውንን ታሪክ ቢያውቁት እወዳለሁ፤ በብዙ ክፍሎች የሳይንስ ውርደት ተብሎ በጥድፊያ የሚታለፍ፣ በእኔ እምነት ግን ረዘም ያለ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። በ1912 እንግሊዝ ውስጥ የሰው የሚመስል ትልቅ የራስ ቅልና የዝንጀሮ የሚመስል መንጋጋ ተገኘ ተባለ። ብዙ ሊቃውንት በሰው ዝግመተ ለውጥ ውስጥ አስቀድሞ ያደገው አንጎል ነው ብለው ይጠብቁ ስለነበር ግኝቱ ልባቸውን ሞላው። በ1925 ከደቡብ አፍሪካ ትንሽ አንጎል ያለውና ቀጥ ብሎ ይሄድ እንደነበር የሚጠቁም የታውንግ ልጅ የራስ ቅል ይፋ ሲደረግ ለዓመታት ገሸሽ የተደረገበት አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ነገር ግን ከአፍሪካ የሚወጡት ቅሪተ አካላት እየበዙ ሲሄዱ ፒልትዳውን ከሁሉም ጋር የማይገጥም ብቸኛ ሆኖ ቀረ፤ በ1949 አጥንት መሬት ውስጥ ሲቆይ በሚሰበስበው የፍሎሪን መጠን የተደረገ ምርመራ አጥንቶቹ እንደተባለው ጥንታዊ አለመሆናቸውን አመለከተ፣ በ1953ም የሰው የራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ተቀብተውና ጥርሳቸው በሞረድ ተሞርዶ የቀረቡ ማጭበርበሪያ መሆናቸው ተጋለጠ። በ1974 በሐዳር የተገኘችው 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ ቀጥ ብሎ መሄድ ከትልቅ አንጎል እጅግ እንደሚቀድም ስታረጋግጥ፣ የቀድሞው ግምት ጨርሶ ተገለበጠ። ማጭበርበሩን ያጋለጡት ዝግመተ ለውጥን የሚያጠኑት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ 40 ዓመት መፍጀቱም ሰው የሚጠብቀውን ነገር ሲያገኝ ምን ያህል ምርመራውን እንደሚያላላ ያሳያልና ይህንንም ለተማሪዎች አልደብቅም።

መልስ 5፦ ጡረተኛ መምህር

ልጄ ብዬ ብጠራሽ በዕድሜዬ ፍቀጂልኝ። ስለ እምነት ያነሣሽውን ማንም ስላልመለሰልሽ እኔ ልሞክር።

በማስተምርበት ዘመን ሁሉ የያዝኩት መርሕ ተማሪን «ታምናለህ ወይ?» ብሎ አለመጠየቅ ነው። ፈተና ላይም ቢሆን «ሰው እንዴት መጣ?» የሚል ጥያቄ አይበጅም፤ «ከክሮሞሶም 2 የተገኘው ማስረጃ የትኛውን መላምት ይደግፋል? ምን ቢገኝ ኖሮ መላምቱ ይዳከም ነበር?» የሚል ጥያቄ ግን የማንንም ሕሊና ሳያስጨንቅ አስተሳሰቡን ይመዝናል። ተማሪው ማስረጃውን በትክክል ካስረዳ ሙሉ ውጤቱን ይውሰድ፤ በልቡ የያዘው የራሱና የፈጣሪው ጉዳይ ነው። ማስረጃውን ግን ለማንም ብለሽ አታሳንሺው። ፍርሃታቸው የሚበረታው ከሁለቱ አንዱን ወዲያው እንዲመርጡ የተገደዱ ሲመስላቸው ነው፤ ስለዚህ የተፈጥሮ ምርጦሽንና የዘረመል ሳይንስን ካዋሐዱት ታላላቆች መካከል ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ የኦርቶዶክስ፣ ሮናልድ ፊሸር የአንግሊካን ክርስቲያን እንደነበሩ መስማታቸው ያረጋጋቸዋል። ሌሎች ደግሞ ምንም እምነት አልነበራቸውም። ቁጥሩን ሲቆጥሩና ሲያሰሉ ግን ሁሉም የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው።

አንድ የቁጥር ምሳሌም ልጨምርልሽ። ፒተርና ሮዝመሪ ግራንት ከ1973 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጋላፓጎስ ዳፍኒ ሜጀር በተባለች ትንሽ ደሴት ላይ ፊንች የተባሉትን ወፎች አንድ በአንድ ቀለበት እያሰሩ ምንቃራቸውን ለክተዋል። በ1977 ድርቅ ሲሆን ትንንሾቹ ዘሮች ተበልተው አለቁ፣ የቀሩት ትልልቅና ጠንካራ ነበሩ፤ መካከለኛው ፊንች ከሚባለው ዝርያ ከ100ው 85 ያህሉ ጠፉ፣ የተረፉት በአማካይ ወፍራም ምንቃር ያላቸው ነበሩ፣ ቀጥሎ የተፈለፈሉትም ምንቃራቸው ከድርቁ በፊት ከነበረው አማካይ በ4 በመቶ ገደማ ወፈረ። በ1983 ከባድ ዝናብ ጥሎ ትንንሽ ዘር ሲበዛ ደግሞ ምርጦሹ ወደ ትንሽ ምንቃር ዞረ። ይህን ሁለተኛውን ክፍል አትዝለይው። ተማሪዎች ዝግመተ ለውጥን ወደ ተሻለ ደረጃ የሚያወጣ መሰላል አድርገው ይይዙታል፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አቅጣጫው ሲገለበጥ ማየታቸው ይህን አሳብ ከሥሩ ይነቅለዋል።

ጠያቂ፦ የሥነ ሕይወት መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፤ አባቴ፣ የፈተናውን ጥያቄ እንዳለ እወስደዋለሁ። ተማሪዬ «ደግመን እንሠራዋለን» ያለችው ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ኮሎኒ ቆጣሪ የላኩልኝን ቁጥር ሰሌዳ ላይ መጻፍ እችላለሁ፤ ነገር ግን ያም ቢሆን ሌላ ሰው ቆጥሮ የሰጠን ቁጥር ነው። ባክቴሪያ የምናሳድግበት ቤተ ሙከራ የለንም። ተማሪዎቹ በገዛ እጃቸው ሊያደርጉት የሚችሉበት መንገድ ይኖር ይሆን?

ኮሎኒ ቆጣሪ

አለ፤ ወረቀት፣ እርሳስና ሁለት ዳይስ ለየቡድኑ ይበቃል። ባክቴሪያውን ባይተካም፣ እያንዳንዱ ሐሳብ ምን ዓይነት ቁጥር እንደሚያወጣ ራሳቸው ያዩታል።

በመጀመሪያው ዙር «አስቀድሞ ነበረ» የሚለውን ሐሳብ ይሥሩ። ቡድኑ ከአንድ ሴል ተነሥቶ ወደ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እና 32 የሚከፋፈል የዘር ሐረግ ይስላል። አዲስ ለተሳለ ለእያንዳንዱ ሴል ሁለቱን ዳይስ ይወረውራል፤ ሁለቱም 6 ከወጡ ሴሉ ተለውጧል ማለት ስለሆነ ይጠቆራል፣ ከእርሱ የሚወጡትም ሁሉ ያለ ውርወራ ይጠቆራሉ። መጨረሻ ላይ ከ32ቱ የጠቆሩት ይቆጠራሉ። በሁለተኛው ዙር «ለመዱት» የሚለውን ይሥሩ፤ ሐረጉ ሲያድግ ምንም አይወረወርም፣ 32ቱ ከተሟሉ በኋላ ብቻ ለእያንዳንዳቸው ሁለቱ ዳይስ ተወርውረው ድምሩ 6 የሆነላቸው ይጠቆራሉ። ድምር 6ን የመረጥኩት የሁለቱ ዙሮች አማካይ እንዲቀራረብ ነው፤ በሁለቱም በቡድን 4 ገደማ የጠቆረ ሴል ይጠበቃል።

አማካዩ ይቀራረባል፤ ስርጭቱ ግን ፈጽሞ አይመሳሰልም። በመጀመሪያው ዙር ከስድስት ቡድኖች አንዱ ያህል ምንም የጠቆረ ሴል አያገኝም፤ በመጀመሪያው ክፍፍል ላይ ድርብ 6 የወጣለት ቡድን ካለ ደግሞ ቢያንስ 16 ያገኛል። በሁለተኛው ዙር ዜሮ የሚያገኝ ቡድን ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም፤ አብዛኞቹ ከ2 እስከ 7 ባለው ውስጥ ይወድቃሉ። የሁለቱን ዙር ቁጥሮች ጎን ለጎን ሰሌዳው ላይ ጽፈው፣ የ1943ቱን ውጤት ከሥራቸው ያስቀምጡና የትኛውን እንደሚመስል ይጠይቋቸው።

በመጀመሪያው ዙር ዜሮ ያገኘ ቡድን የተሳሳተ መስሎት እንደገና መወርወር ሊፈልግ ይችላል፤ 16 ያገኘውም እንዲሁ ቁጥሩን መቀነስ ሊቃጣው ይችላል። ሁለቱም ያገኙትን እንዳለ እንዲጽፉ ከመጀመራቸው በፊት ይንገሯቸው።